ረቂቅ ሕጉ የሽብርን ገንዘብ በእርግጥ ያቆማል ወይ? አንቀጽ በአንቀጽ እንፈትሸው

አርቃቂ ብዕር (ክሩን የከፈተ)

ሽብርተኝነትን የሚቀጣና የገንዘብ ምንጩን የሚያደርቅ ረቂቅ ሕግ በወጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ቅጣቱ ላይ ይቀራል። 15 ዓመት ያንሰዋል፣ አይ ዕድሜ ልክ ይሁን፣ እየተባለ። እኔ ግን የቅጣቱን አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው የማነበው። አስቀድሜ የማያቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ ወንጀሉ በምን ቃል እንደተተረጎመ፣ እገዳው በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም፣ በስህተት የታገደ ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ። እነዚህን ሦስቱን ያበላሸ ረቂቅ ሞት ቢደነግግም ገንዘቡን አያቆምም።

መነሻ እንዲሆነን ዝቅተኛውን ልክ ላስቀምጥ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተባበሩት መንግሥታት በዲሴምበር 1999 የተቀበለው ስምምነት ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። በዚያው ዓመት የወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1267 ስም እየዘረዘሩ የማገድን ሥርዓት ጀመረ። ውሳኔ 1373 (ሴፕቴምበር 28፣ 2001) ደግሞ አገሮች የምክር ቤቱን ዝርዝር ሳይጠብቁ በራሳቸው እንዲያግዱ ግዴታ ጣለ። የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል፣ በአጭሩ ፋትፍ፣ በ2001 ስምንት ልዩ ምክረ ሐሳቦችን አወጣ፤ በ2004 ድንበር የሚሻገር ጥሬ ገንዘብን የሚመለከት ዘጠነኛ ጨመረ፤ በ2012 ሁሉም ወደ 40ዎቹ ተጠቃለሉ። አሁን ለእኛ ጉዳይ የሚነበቡት 5 (ወንጀሉ)፣ 6 (እገዳው) እና 8 (በጎ አድራጎት ድርጅቶች) ናቸው።

ከወንጀሉ እንጀምር። አዘውትሮ የሚገጥም የረቂቅ ሐረግ ይኸው፦ «ለሽብር ድርጊት የዋለ ገንዘብ የሰጠ ሰው…»። «የዋለ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ዓቃቤ ሕጉ ገንዘቡን ከተፈጸመ ጥቃት ጋር ካላገናኘ በቀር መዝገቡ ይዘጋበታል ማለት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 2(3) ገንዘቡ በተግባር መዋሉን ማስረዳት እንደማያስፈልግ በግልጽ ይናገራል። የተሻለው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ማንም ሰው በሙሉም ሆነ በከፊል ለሽብር ድርጊት፣ ለአሸባሪ ድርጅት ወይም ለግለሰብ አሸባሪ እንዲውል አስቦ ወይም እንደሚውል እያወቀ፣ በማናቸውም መንገድ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ ገንዘብ ወይም ሌላ ሀብት የሰጠ ወይም የሰበሰበ እንደሆነ፣ ገንዘቡ ጥቅም ላይ ባይውልም ወይም ከተወሰነ ድርጊት ጋር ባይያያዝም…»

«ወይም የሰበሰበ» የሚለው እንዳይወጣ። ሰብስቦ ገና ያላስተላለፈው ሰው የሚያመልጠው በዚያ ቀዳዳ ነው።

ጥቁር ካባ

አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ግን «የሽብር ድርጊት» የሚለው ቃል በራሱ አንቀጽ ተበላሽቶ ከመጣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ውኃ በላው። የገንዘቡ ወንጀል በዋናው ትርጓሜ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ትርጓሜው ሰፊ ከሆነ ለሰላማዊ ሰልፈኛ ውኃ የገዛ ሰውም ሽብርተኝነትን በገንዘብ ረድቷል ይባላል።

የ1999ኙ ስምምነት አንቀጽ 2(1)(ለ) ያስቀመጠው ልክ ጠባብ ነው። ድርጊቱ በሲቪል ሰው ወይም በጦርነት ውስጥ በውጊያው ንቁ ተሳትፎ በሌለው ሰው ላይ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ለማድረስ የታሰበ መሆን አለበት፤ ዓላማውም ሕዝብን ማስፈራራት ወይም መንግሥትን ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅትን ማስገደድ መሆን አለበት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ረቂቆች ሲበላሹ ታዲያ አንደኛውን ይጥሉና «ወይም» ያስገባሉ፦ «ንብረት ያወደመ ወይም የሕዝብ አገልግሎት ያወከ»። በዚህ ቃል የትራንስፖርት ሥራ ማቆም አድማም ሽብር ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የንብረት ጉዳት ይካተት ከተባለ፣ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያስከትል መጠነ ሰፊ ውድመት ተብሎ ይወሰን። ቀጥሎም የማግለያ ንዑስ አንቀጽ ይኑር፦ ሰልፍ፣ ተቃውሞ፣ ሥራ ማቆም፣ ሐሳብን መግለጽ፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ እስከሌለበት ድረስ አይካተትም። ይህ ንዑስ አንቀጽ በመግቢያው ሐተታ ሳይሆን በሕጉ አካል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ዳኛ የሚፈርደው በአንቀጽ ነው።

የመዝገብ ዓይን

ከጥቁር ካባ ጋር በትርጓሜው አልጣላም። በሐሳብ ክፍሉ ግን እንጣላ ይሆናል። «እያወቀ» ብቻ ከተባለ ተከሳሹ «አላውቅም ነበር» ብሎ ይወጣል። የልቡን ማን ያየዋል?

ጥቁር ካባ

ለዚህ መልሱ ምክረ ሐሳብ 5 ውስጥ አለልህ፦ ሐሳብና ዕውቀት ከተጨባጭ ሁኔታዎች ሊገመት ይችላል። ይኼን በረቂቁ መጻፍ ይበቃል። እኔ የምቃወመው «ማወቅ ሲገባው» የሚለውን ነው። በዚህ ቃል በቸልተኝነት ገንዘብ ያስተላለፈ ሐዋላ ሠራተኛና ቦምቡን የሸመተው ሰው በአንድ አንቀጽ ይቆማሉ።

የብሪታንያን መንገድ ተመልከት። የ2000 የሽብርተኝነት ሕጋቸው «ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ያለው» የሚል ሐረግ ይጠቀማል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2018 ይህ መለኪያ ተጨባጭ ነው፣ ማለትም ተከሳሹ በእርግጥ መጠርጠሩን ማስረዳት አያስፈልግም ብሎ ወሰነ። እዚያ ፖለቲከኛውም ፍርድ ቤቱም ሊሸከመው ይችል ይሆናል። ይህን ሐረግ ለብቻው ቆርጦ ማምጣት ግን አደጋ ነው፤ እነርሱ ዘንድ አስቀድሞ ለባለሥልጣን አሳውቆ ፈቃድ ያገኘ ሰው የሚከላከልበት ድንጋጌ በዚያው ሕግ አለ። መርዙን ተርጉሞ መድኃኒቱን መተው የአርቃቂ የተለመደ ስህተት ነው።

የመዝገብ ዓይን

እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። እንግዲያው «ተጨባጭ ሁኔታ» ሲባል በመዝገብ ላይ ምን እንደሚመስል ልጨምር። ገንዘቡ ተከፋፍሎ በብዙ ሰው ስም መላኩ፤ ላኪዎቹ ተቀባዩን ማን እንደሆነ ማስረዳት አለመቻላቸው፤ የተባለው ዓላማ (ለምሳሌ ትምህርት ቤት ግንባታ) ከወጪው ዓይነት ጋር አለመገጣጠሙ፤ ስለ ዝውውሩ በምስጢር ቃላት የተደረገ የመልእክት ልውውጥ፤ ባንክ ሲጠይቅ የተሰጡ የተለያዩ ማብራሪያዎች። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። አራቱ አምስቱ ሲደራረቡ ነው ዳኛ የሚያምነው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰል ገንዘቡ ከቆሻሻ ምንጭ ተነስቶ ወደ ንጹሕ የሚሄድበት ነው። የሽብር ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፦ ደመወዝ፣ መዋጮ፣ የሱቅ ትርፍ፣ ሕጋዊ ብድር ሆኖ ይነሳና ወደ ወንጀል ያመራል። ስለዚህ ረቂቁ «በወንጀል የተገኘ ገንዘብ» ብሎ ከጀመረ ገና ከበሩ ላይ ስቷል። «ምንጩ ሕጋዊም ይሁን ሕገወጥ» የሚል ሐረግ የግድ ነው።

መጠኑም ትንሽ ነው። የሴፕቴምበር 11ዱን ጥቃት የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን አጠቃላይ ወጪውን ከ400,000 እስከ 500,000 ዶላር ገምቶታል። የ2005ቱ የለንደን ጥቃት ደግሞ በመንግሥቱ ዘገባ መሠረት ከ8,000 ፓውንድ በታች ነው የፈጀው። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ግብይትን ብቻ የሚያይ ሥርዓት ይህን አያይም። ለዚህ ነው አጠራጣሪ ግብይትን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ የገንዘብ ወለል ሊኖረው የማይገባው፤ ተሞክሮ የከሸፈ ግብይትም ሪፖርት ይደረጋል።

ሌጀር

በባንክ በኩል ያለውን ላምጣ፤ ሕጉ በተግባር የሚሠራው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ሁለት ነገር አይቀላቀል። ማገድ ማለት ሀብቱ ከባለቤቱ ሳይወሰድ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። መውረስ ማለት ባለቤትነቱን ወደ መንግሥት ማዛወር ነው። አንዳንድ ረቂቅ «ታግዶ ይወረሳል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ማገድ የጥንቃቄ እርምጃ ስለሆነ የወንጀል ክስ መኖርን አይጠይቅም፤ በቂ ምክንያት ይበቃዋል። መውረስ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈልጋል። ሁለቱን ያቆራኘ ሕግ ወይ እገዳውን እንደ ፍርድ ያዘገየዋል፣ ወይ ውርሱን እንደ እገዳ ያቀለዋል።

ጊዜው። ፋትፍ «ሳይዘገይ» የሚለውን ሲያብራራ በሰዓታት ውስጥ ማለቱ ነው፤ ሲገመገም የሚታሰበው 24 ሰዓት ነው። ብዙ አገር የሚወድቀው ሰንሰለቱ ስለሚረዝም ነው፦ ስያሜው (የሰውዬው ስም በዝርዝሩ መግባቱ) ኒው ዮርክ ይወጣል፣ ለውጭ ጉዳይ ይደርሳል፣ ይተረጎማል፣ ለፍትሕ አካል ይመራል፣ ለፋይናንስ መረጃ ማዕከል ይሄዳል፣ ለተቆጣጣሪው ባንክ ይጻፋል፣ ከዚያ ለባንኮች ይበተናል። በዚህ መንገድ ሦስት ሳምንት ሲሆን ማንም አይደነቅም። ገንዘቡ ግን በዘጠኝ ደቂቃ ይወጣል።

መፍትሔው ረቂቁ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በጸጥታው ምክር ቤት የተሰየመ ሰው ሀብት፣ ስያሜው ይፋ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ፣ ተጨማሪ ትእዛዝ ሳያስፈልግ በዚህ ሕግ ታግዷል።» ደብዳቤው ለማስታወስ እንጂ ለማጽናት አይሁን። ግዴታውም በባንክ ላይ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ሰው ላይ ይጣል፤ ኢንሹራንስ፣ የመሬት መዝጋቢ፣ የመኪና ሻጭ፣ ጠበቃ፣ ሁሉም። እገዳው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ገንዘቡን ያወጣል፣ አለቀ።

በቅርንጫፍ ደረጃ የሚሠራው እንዲህ ነው። አዲስ ዝርዝር ሲገባ ሲስተሙ ነባር ደንበኞችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣራል፤ አዲስ ሒሳብ ከፋች ብቻ ማጣራት አይበቃም። ተመሳሳይ ስም ሲወጣ ግብይቱ ይያዛል፣ ሒሳቡ ግን ገና አይታገድም። ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ ሠራተኛ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የአባትና የአያት ስም ያመሳክራል። ከተረጋገጠ ሙሉ እገዳ፣ ሪፖርት፣ መዝገብ። ካልሆነ ምክንያቱ ተጽፎ ይለቀቃል፣ ያው ስም በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና እንዳያስቸግር የተፈተሸ ተብሎ ይመዘገባል።

አርቃቂ ብዕር

ሌጀር፣ የስም ማመሳከሩን ትንሽ ብትዘረዝርልን? ረቂቆች «ተመሳሳይ ስም» ብለው ያልፉታል።

ሌጀር

ዝርዝሮቹ ሲወጡ በላቲን ፊደል ናቸው፤ የባንኩ መዝገብ በሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል። አንድ ከዐረብኛ የመጣ ስም በላቲን በአሥር ዓይነት ይጻፋል። በግዕዝ ፊደል በኩል ደግሞ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ አንድ ድምፅ ሆነው በኮምፒውተሩ ዓይን የተለያዩ ናቸው። «ሐሰን» ብሎ የተመዘገበውን «ሀሰን» ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም። ስለዚህ ከማመሳከሩ በፊት ሁሉም ወደ አንድ ፊደል ይለወጣል፤ ይህ የሶፍትዌር ቅንብር እንጂ የሕግ ጉዳይ አይደለም፣ ነገር ግን መመሪያው ካላዘዘው ማንም አይሠራውም።

የማመሳከሪያውን ጥብቀት ከልክ በላይ ስታላላው በቀን በሺህ የሚቆጠር የውሸት ማንቂያ ይመጣል፤ ሠራተኛው ሳያይ «ልክ አይደለም» እያለ ይጫናል። ስታጠብቀው ደግሞ እውነተኛው ያልፋል። ሚዛኑ የሚለካው ሆን ተብሎ የተለወጡ የሙከራ ስሞችን አስገብቶ ስንቱን እንደሚይዝ በማየት ነው። ይህ ፈተና በየጊዜው ይደረግ የሚል ግዴታ በመመሪያ ደረጃ ይግባ።

ሌላው ባለቤትነት ነው። የተሰየመው ሰው በስሙ ሒሳብ አይከፍትም፤ በኩባንያ ነው የሚመጣው። የአሜሪካን ሥርዓት ብንወስድ የተሰየሙ ሰዎች ድርሻ ተደምሮ 50 በመቶ ወይም በላይ ከሆነ ኩባንያው ራሱ በዝርዝሩ ባይኖርም ታግዷል። ስሌቱን እዩት፦ የተሰየመ ሰው ሀ 30 በመቶ፣ የተሰየመ ሰው ለ 25 በመቶ ይዘዋል፤ ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ከግማሽ በታች ናቸው፣ ሲደመሩ 55 ናቸው። ረቂቁ «በጋራ» የሚለውን ቃል ከዘለለ ይህ ኩባንያ ያመልጣል። «ባለቤትነት ወይም ቁጥጥር፣ በብቸኝነት ወይም በጋራ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» ብሎ መጻፍ ያዋጣል። ቁጥጥር የሚለው 10 በመቶ ብቻ ይዞ ሥራ አስኪያጁን የሚሾመውን ለመያዝ ነው።

የመዝገብ ዓይን

ከዚህ ላይ ልቀጥል፤ ከባንክ የሚላከው የአጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት ጥራት የምርመራውን ዕጣ ይወስናል። የማይረባው እንዲህ ይነበባል፦ «ደንበኛው ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ግብይት ስላደረገ አጠራጣሪ ሆኖ አግኝተነዋል።» ከዚህ ምን ይወጣል? ምንም።

የሚረባው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ ደንበኛው የችርቻሮ ነጋዴ ነው፤ ከመጋቢት 3 እስከ መጋቢት 19 ድረስ ከ14 የተለያዩ ላኪዎች 14 ዝውውር ተቀብሏል፤ ላኪዎቹ ከደንበኛው ጋር ምንም ቀድሞ ግንኙነት የላቸውም፤ እያንዳንዱ ዝውውር በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ የጠረፍ ከተማ ማሽን በጥሬው ወጥቷል፤ ደንበኛው ሲጠየቅ መጀመሪያ «ብድር ተመላሽ»፣ ቀጥሎ «የሠርግ መዋጮ» ብሏል፤ የስልክ ቁጥሩና አድራሻው ከሁለት ሌሎች ሒሳቦች ጋር አንድ ነው። ማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ወዴት፣ ለምን ያልተለመደ ሆነ። ይኸው ነው። (ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ ቅርጹን ለማሳየት ነው።)

ረቂቁ ሁለት ጥበቃ ያስፈልገዋል። በቅን ልቦና ሪፖርት ያደረገ ሠራተኛ በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም አይጠየቅ። ለደንበኛው «ሪፖርት ተደርጎብሃል» ብሎ የነገረ ግን ይቀጣ። ሰነድ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጥ። የገንዘብ ዝውውር መረጃም ከ1,000 ዶላር ወይም ዩሮ በላይ ሲሆን የላኪውና የተቀባዩ መረጃ ተሟልቶ አብሮ ይጓዝ፤ በድንበር የሚያልፍ ጥሬ ገንዘብን በተመለከተ የፋትፍ ጣሪያ 15,000 ነው፣ አገር ዝቅ ማድረግ ይችላል። ከዚያ ከፍ ካደረገ ግን መልስ የለውም።

እርዳታ መስመር

እስካሁን ሰብአዊ እርዳታን ማንም አላነሳም፤ ለእኔ ደግሞ ረቂቁ የሚበላሽበት ትልቁ ቦታ እሱ ነው።

ምክረ ሐሳብ 8 ቀድሞ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሁሉ «በተለይ ለአደጋ የተጋለጡ» ይል ነበር። በ2016 ያ ሐረግ ወጣ፤ በ2023 እንደገና ተሻሽሎ እርምጃው አደጋ ላለባቸው ድርጅቶች ብቻ፣ በአደጋው ልክ እንዲሆን ተደርጓል። አርቃቂዎች ግን አሮጌውን ጽሑፍ ይዘው ሁሉም ማኅበር በየሦስት ወሩ የለጋሾቹን ስም ያቅርብ ይላሉ። ውጤቱ ምንድን ነው? ባንክ ወጪና ጣጣ ሲበዛበት ሒሳባቸውን ይዘጋል። ሒሳብ የተዘጋበት ድርጅት ሥራውን አያቆምም፤ ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ መያዝ ይጀምራል። ማለትም ሕጉ ሊያየው የፈለገውን ገንዘብ ራሱ ከዓይኑ ሰወረው።

ሁለተኛው፣ በአሸባሪ ቡድን ቁጥጥር ሥር ያለ አካባቢ የሚኖር ሕዝብ ምግብና መድኃኒት ያስፈልገዋል። እዚያ ለመድረስ የመንገድ ክፍያ፣ የጭነት ማራገፊያ፣ የውኃ ሒሳብ ለማን ይከፈላል? ውሳኔ 2664 (ዲሴምበር 2022) ለሰብአዊ እርዳታ የሚውል ክፍያና አገልግሎት በተባበሩት መንግሥታት የንብረት እገዳ እንደማይከለከል ደነገገ፤ ለአይሲስና ለአልቃይዳ ዝርዝር በሁለት ዓመት ተወስኖ የነበረውን ውሳኔ 2761 በዲሴምበር 2024 አስቀጥሎታል። ረቂቁ ይህን ካላስገባ ዓለም አቀፉ ሕግ የፈቀደውን የአገር ውስጡ ሕግ ይቀጣል።

የአሜሪካ ሕግ «ቁሳዊ ድጋፍ» ከሚለው ትርጓሜ መድኃኒትንና የሃይማኖት ቁሳቁሶችን ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ምግብ እንኳ አልተጠቀሰም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2010 በ6 ለ3 ድምፅ ሰላማዊ የግጭት አፈታት ሥልጠና መስጠትም ሊከለከል ይችላል አለ። ይህን ሞዴል የሚገለብጥ አርቃቂ ምን እንደሚገለብጥ አውቆ ይገልብጥ።

የመዝገብ ዓይን

ነጥቡ ገብቶኛል፤ ሆኖም «ሰብአዊ» የሚለው ቃል በር ከፋች እንዳይሆን እሰጋለሁ። በእርዳታ ስም የተመዘገበ ሁሉ ይለፍ ከተባለ ሌላ ቀዳዳ ነው።

እርዳታ መስመር

ለዚህ ነው ውሳኔ 2664 ማን እንደሚጠቀም የሚዘረዝረው፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ በጠቅላላ ጉባኤው ታዛቢነት ያላቸው የእርዳታ ድርጅቶች፣ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ዕቅድ የሚሳተፉ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ የእነርሱ ሠራተኞችና አስፈጻሚ አጋሮች። ከዚያም ላይ ለተሰየመው ሰው የሚደርሰውን ጥቅም ለመቀነስ ምክንያታዊ ጥረት እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ያለ ገደብ የተከፈተ በር አይደለም።

ቋጠሮ

ስለ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) አጭር ነገር። «ገንዘብ» ሲተረጎም «ማናቸውም ዓይነት ሀብት፣ የሚዳሰስም የማይዳሰስም፣ በኤሌክትሮኒክ ወይም በዲጂታል መልክ ያለን ጨምሮ» ከተባለ በቂ ነው፤ የሳንቲም ስም መዘርዘር አያስፈልግም፣ ስሙ በየወሩ ይለወጣል። አፈጻጸሙ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ሀብቱ ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚያገበያይ ድርጅት) ዘንድ ካለ ትእዛዙ ለኤክስቼንጁ ይሄዳል፣ ልክ እንደ ባንክ። በባለቤቱ የግል ዋሌት (ቁልፉን ራሱ በያዘው ዲጂታል ቦርሳ) ካለ ግን «ታግዷል» ማለት ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው፤ ቁልፉ ያለበትን መሣሪያ ወይም የመክፈቻ ቃላቱ የተጻፉበትን ወረቀት ይዞ ወዲያው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ወዳለ ዋሌት ማዛወር ያስፈልጋል። ይህን የሚፈቅድ የብርበራ ድንጋጌና የተያዘውን ማን እንደሚጠብቅ የሚል አንቀጽ ከሌለ ፖሊስ ስልኩን ላስቲክ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፣ ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ከሌላ ቦታ ያወጣዋል።

ጥቁር ካባ

አሁን ወደ መውጫው በር። እገዳ ያለ ክስ ይደረጋል ካልን፣ የታገደው ሰው የሚከራከርበት መድረክ የግድ ነው። ይህን የዘነጉ ሥርዓቶች የት እንደደረሱ ሁለት ጉዳዮች ይመሰክራሉ።

አንደኛው የሳዑዲ ነጋዴው የያሲን አብዱላህ ካዲ ነው። በ2001 በተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር ገባ፣ አውሮፓም ሀብቱን አገደ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 3፣ 2008 የመከላከልና የመደመጥ መብቱ እንዲሁም በፍርድ ቤት የመታየት መብቱ ተጥሷል ብሎ እገዳውን ሻረ። ይሁንና ስህተቱ እንዲታረም ሦስት ወር ጊዜ ሰጠ። ክርክሩ እስከ 2013 ዘለቀ፤ ከተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር የወጣው በ2012 ነው።

ሁለተኛው የብሪታንያ ነው። የግምጃ ቤቱ የእገዳ ትእዛዞች የወጡት በ1946 ሕግ ላይ ተመሥርተው፣ በፓርላማ ሳይከራከሩባቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 27፣ 2010 ይህን ያህል መብት የሚነካ ሥልጣን በጥቅል ቃል አይሰጥም ብሎ ሻራቸው። ፓርላማው በፌብሩዋሪ 10 ጊዜያዊ ሕግ አውጥቶ ነው የተረፈው። ስለዚህ «ዝርዝሩን ደንብ ይወስነዋል» ብሎ እገዳውን ወደ ታች የሚያወርድ ረቂቅ አሸዋ ላይ ነው የቆመው። ዋናው ሥልጣን፣ መለኪያውና አቤቱታው በራሱ በሕጉ ይጻፉ።

በሩ ራሱ ሦስት ነው። በአገር ውስጥ ዝርዝር የገባ ሰው፦ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፣ በተወሰነ ቀን ለፍርድ ቤት አቤት ይበል፣ ስያሜውም በየጊዜው ይከለስ። በተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር የገባ ሰው፦ የአልቃይዳና የአይሲስ ዝርዝር ከሆነ በውሳኔ 1904 (2009) ወደተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ቢሮ፣ ሌላ ዝርዝር ከሆነ ወደ አቤቱታ መቀበያው ይመራ። ስም ብቻ ተመሳስሎበት የታገደ ሰው ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ስለሌለ ከዝርዝር መውጣት አይጠየቅም፤ ማንነቱን አረጋግጦ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚለቀቅበት አጭር ሥነ ሥርዓት ነው የሚያስፈልገው። ይህን ሦስተኛውን የዘለሉ ረቂቆች ብዙ ናቸው።

ሌጀር

በዚያ ላይ የታገደ ሰው ይበላል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ ጠበቃ ያቆማል። ውሳኔ 1452 (2002) ለምግብ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና፣ ለግብርና ለጠበቃ አበል መልቀቅን ይፈቅዳል፤ መደበኛ ወጪ ሲሆን አገሩ ለጸጥታው ምክር ቤት የማዕቀብ ኮሚቴ ያሳውቅና ተቃውሞ ካልመጣ ይለቃል፣ ልዩ ወጪ ሲሆን የኮሚቴው ፈቃድ ይጠበቃል። በተግባር የሚያስቸግረው ለማን ይከፈል የሚለው ነው። ገንዘቡ በባለቤቱ እጅ ባይገባ ይመረጣል፤ ኪራዩ ለአከራዩ፣ የሕክምናው ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይከፈል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ግን ቅርንጫፍ ላይ ቀን ሙሉ የሚያከራክሩ አሉ። ወደታገደ ሒሳብ ወለድ ወይም ገቢ ሲመጣ ይገባል፣ ገብቶ አብሮ ይታገዳል፤ ወደ ላኪው መመለስ ስህተት ነው። የጋራ ሒሳብ ሲሆን ሙሉው ይታገዳል፣ ሌላው ባለቤት ድርሻውን በአቤቱታ ያስለቅቃል። ባንኩ በታገደው ገንዘብ የራሱን ብድር ማካካስ ከፈለገ ፈቃድ ይጠይቅ። የሚበላሽ ሸቀጥ ከሆነ በባለሥልጣኑ ፈቃድ ተሽጦ ዋጋው ይታገድ። መሬትና መኪና ሲሆን መዝገቡ ላይ ማስታወሻ ካልገባ እገዳው አልተፈጸመም።

አርቃቂ ብዕር

ጥሩ፣ እንግዲህ ቅጣቱ ላይ እንምጣ፤ መጨረሻ ብዬ ነበር።

የብሪታንያ ሕግ ለገንዘብ ድጋፍ እስከ 14 ዓመት፣ የአሜሪካው ለተሰየመ ድርጅት ቁሳዊ ድጋፍ እስከ 20 ዓመት፣ ሰው ከሞተ እስከ ዕድሜ ልክ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ የሆነ ቅጣት ማንም አይነቅፈውም። ችግር የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሞት ቅጣት፤ ተከሳሹ ሌላ አገር ከተያዘ ብዙ አገሮች አሳልፈው አይሰጡም፣ ስለዚህ ከባዱ ቅጣት ራሱ ተጠርጣሪውን ያስቀርልሃል። ሁለተኛው በብር ቁጥር የተጻፈ መቀጮ ነው። ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ መቀጮውም ያጣል። «ከድጋፉ ዋጋ ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ኩባንያን በእስር መቅጣት ስለማይቻል ለሕጋዊ ሰው የተለየ አንቀጽ ይኑር፦ መቀጮ፣ ፈቃድ መሰረዝ፣ በፍርድ መዝጋት። የሥራ አስኪያጁ በግል መጠየቅ ደግሞ የኩባንያውን ተጠያቂነት አያስቀርም።

ቋጠሮ

የመሸጋገሪያ ድንጋጌውን ረሳችሁት። ሕጉ ሲጸና መመሪያው ካልወጣ ባንኮች በምን ቅጽ ሪፖርት ያደርጋሉ?

አርቃቂ ብዕር

አዎ፣ ትክክል ነህ። የሚሻለው እገዳውና የወንጀሉ አንቀጾች ሕጉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንዲጸኑ፣ የሪፖርት ቅጽና የማጣሪያ ሲስተም ግዴታዎች ግን ለምሳሌ ከ90 ቀን በኋላ እንዲጀምሩ መለየት ነው። እስከዚያ የቀደመው መመሪያ ከአዲሱ ሕግ ጋር እስካልተቃረነ ድረስ ይሠራል የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ። የወንጀሉ አንቀጽ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራም ይጻፍ፤ ገንዘብ መሰብሰቡ ከሕጉ በፊት ተደርጎ ዝውውሩ ከሕጉ በኋላ ከሆነ ግን ዝውውሩ በራሱ ይከሰሳል።

ጥቁር ካባ

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሐተታው ውስጥ ምሳሌ ሆኖ ብታገባው ደስ ይለኛል። ዓቃቤ ሕጎች ከዕለቱ በፊት የተደረገውንም አብረው ለመክሰስ ይሞክራሉና።

የመዝገብ ዓይን

እንሞክራለን 🙂 ዳኛው ከከለከለን እንተዋለን።

እርዳታ መስመር

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከውርስ የሚገኘው ገንዘብ ወደየት ይሄዳል? የ1999ኙ ስምምነት አንቀጽ 8(4) የተወረሰው ሀብት ለተጎጂዎችና ለቤተሰቦቻቸው ካሳ እንዲውል የሚያስችል ሥርዓት አገሮች እንዲያስቡ ይጠይቃል። ረቂቁ «ለመንግሥት ገቢ ይሆናል» ብሎ ከዘጋው ተጎጂው ለየብቻ የፍትሐ ብሔር ክስ መመሥረት ይኖርበታል።

አርቃቂ ብዕር

ይገባል። ከቅን ልቦና ሦስተኛ ወገኖች ጥያቄ ቀጥሎ፣ ከመንግሥት ድርሻ በፊት አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።